አስፓራገስ በሐምሌ አይታደልም

ሰኔ ግም ሲል በየወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ችግኝ መደርደሩ የተለመደ ነው። ጎመኑ፣ ቆስጣውና ሰላጣው ይመጣል፤ ነዋሪው ፈርሞ ይወስዳል፤ ባለሙያው ቁጥሩን ይመዘግባል፤ ሪፖርቱ ወደ ክፍለ ከተማ ይላካል። ውኃውን ሰማይ ስለሚያቀርበው ሥራው ለሁሉም ይቀላል። ለጎመን ይህ አሠራር ብዙ እንከን አይወጣለትም። ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ ድስት ይገባል፤ ቢበላሽም የጠፋው የአንድ ክረምት ድካም ብቻ ነው።

አስፓራገስ ግን ከዚህ ወገን አይደለም። በቂርቆስና በካዛንቺስ ጠባብ ግቢዎች አይበቅልም ማለት አይደለም፤ ይበቅላል። ነገር ግን በሐምሌ ታድሎ በመስከረም ተቆጥሮ የሚዘጋ ሰብል አይደለም። በደህና ከተተከለ ከ15 እስከ 20 ዓመት በአንድ ስፍራ ቆይቶ በየዓመቱ ቡቃያ የሚሰጥ ተክል ነው። ከዘር ሲነሳ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ለባለቤቱ ምንም ሳይሰጥ ሥሩን ብቻ ሲያደልብ ይቆያል። በእነዚህ ዓመታት ቡቃያውን የቆረጠ ሰው ተክሉን ያደክመዋል። ስለዚህ አስፓራገስ በከተማ ግብርና ዕቅድ ውስጥ ይግባ ከተባለ፣ ከዘሩ በፊት ዕቅዱ ራሱ መስተካከል አለበት።

“የፈረንጅ ተክል ነው፣ ለእኛ አየር አይሆንም” የሚለው አስተያየት ግማሽ እውነት ነው። ለምግብ የሚውለው ዝርያ፣ በሳይንሳዊ ስሙ አስፓራገስ ኦፊሲናሊስ የሚባለው፣ የአውሮፓና የምዕራብ እስያ ተወላጅ ነው። የዱር ዘመዱ ግን በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በየቁጥቋጦውና በየአጥሩ ሥር ይገኛል። በአማርኛ የሴት ቀስት ይሉታል፤ ሰሪቲ የሚሉትም አሉ። እሾሃማ ሐረጉንና እንደ ጸጉር የቀጠነ ቅጠሉን ገጠር ያደገ ሰው አይስተውም። ይህ የዱር ዘመድ በባህል መድኃኒትነቱ ይታወቃል እንጂ የሚበላውን አይተካም፤ ማንም ከአጥር ቆርጦ ድስት ውስጥ እንዲጨምረው አይመከርም። አንድ ነገር ግን ያስተምራል። የሴት ቀስት የሚያድገው በተዳፋት፣ በድንጋያማ ስፍራና በደን ዳርቻ ነው፤ ክረምት ውኃ በሚተኛበት ሜዳ መሐል አይታይም። ይህ የተክል ቤተሰብ የሚጠላው ዝናብን ሳይሆን ከሥሩ የሚተኛ ውኃን ነው።

ባዕድነቱን በተመለከተ፣ ድንችም እ.ኤ.አ. በ1858 ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር አስገባው ይባላል እንጂ ከጥንት የነበረ አይደለም። ዛሬ በጎጃምም በሸዋም ድንችን የፈረንጅ ነው ብሎ የሚተው አርሶ አደር የለም።

አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ግማሽ የሚጠጋው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። አስፓራገስ የሚመረትባቸው የሰሜን አውሮፓ አገሮችም ዝናብ አይጎድላቸውም። እዚያ ግን ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ተከፋፍሎ ይወርዳል፤ ከፊሉም የሚመጣው ተክሉ በብርድ ተኝቶ ሳለ ነው። በአዲስ አበባ ዶፉ የሚወርደው ተክሉ ለምልሞ፣ ቅጠሉ ያዘጋጀውን ምግብ ወደ ሥሩ በሚያወርድበት ሰዓት ነው። ያኔ አደጋው ከላይም ከታችም ይመጣል። ከታች፣ አፈሩ ውኃ ሲጠግብ ሥሩ አየር ያጣና ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስ መንገድ ያገኛል፤ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ተክሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል። ከላይ ደግሞ ዝናቡ ከመሬት የሚያስፈነጥቀው ጭቃ የግንድ በሽታ ይዞ ይወጣል።

እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው የአዲስ አበባ ነዋሪ የመጀመሪያው አይሆንም። ሞቃታማና እጅግ ዝናባማ የሆነችው ታይዋን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቆርቆሮ የታሸገ አስፓራገስ ለዓለም ገበያ በብዛት ከሚያቀርቡ አገሮች አንዷ ነበረች። የዚያ አካባቢ ገበሬዎች ተክሉን እንዳለ አይቆርጡትም። በእያንዳንዱ ሥር ላይ ከሦስት እስከ አምስት ጎልማሳ ግንድ ይተዋሉ፤ እናት ግንድ ይሉታል። እናትየዋ ሥሩን ስትመግብ ዙሪያዋን የሚወጡት ቡቃያዎች ለገበያ ይቆረጣሉ። ዝናቡ ሲበረታባቸው በመደቡ ላይ የፕላስቲክ ጣሪያ የሚዘረጉም አሉ። በሌላው የዓለም ጫፍ ፔሩ በረሃማ በሆነው የባሕር ጠረፏ በመስኖ ታመርታለች። እዚያ ተክሉን የሚያስተኛ ብርድ የለም፤ ገበሬው ውኃ ይከለክለውና ያሳርፈዋል፣ ከዚያ ቆርጦ እንደገና ውኃ ሲለቅበት ቡቃያው በአንድ ጊዜ ይወጣል። አዲስ አበባ በክረምት የታይዋንን ችግር፣ በበጋ የፔሩን ዕድል ይዛለች። ብልሃቱ በክረምት ተክሉን ከውኃ ማዳን፣ ምርቱን ደግሞ ከደረቁ ወራት በኋላ ማንሳት ነው።

ወደ አፈሩ እንመለስ። በቂርቆስ ግቢ ዶማ ያነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ወይ ክረምት የሚያጣብቅ በጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር መረሬ፣ ወይም የአሮጌ ቤት ፍርስራሽ፣ ጡብ፣ ሲሚንቶና ዝገት የበላው ቆርቆሮ ነው። ከመትከል በፊት መሬቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። በሁሉም አቅጣጫ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ውኃ ይሞላ፤ ሲሰርግ እንደገና ይሞላ። ሁለተኛው ውኃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሰረገ መሬቱ ይሆናል። ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ላይ ካለ ግን በዚያ ስፍራ ደልዳላ መሬት ላይ አስፓራገስ መትከል ዘሩንም ጉልበቱንም መጣል ነው። ይህን ሙከራ ለማድረግ ከጥቂት ባልዲ ውኃና ከአንድ ዶማ በቀር የሚያስፈልግ ነገር የለም፤ ማንኛውም የልማት ሠራተኛ ግቢ ሲጎበኝ ሊያደርገው ይችላል።

ውኃ የሚተኛበት መሬት የገጠመው ሰው መፍትሔውን ከሩቅ መፈለግ የለበትም። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ያሉ አርሶ አደሮች የጥቁር አፈሩን ውኃ ለማጠንፈፍ ቤተሰብ ሆነው አፈር በእጃቸው እየዛቁ ሰፋፊ መደብና ቦይ ሲያወጡ ኖረዋል። በበሬ የሚጎተተው የሰፊ መደብ ማውጫ ኋላ የመጣው ይህንኑ አድካሚ ሥራ ለማቅለል ነው። በካዛንቺስ ግቢ በሬ አይገባም፤ እጅ ግን ይገባል። ቁመቱ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ ወርዱ አንድ ሜትር ገደማ የሆነ መደብ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ተከቦ ይሠራ። ሥሩ ያለው መሬት አስቀድሞ ይቆፈር፤ አለበለዚያ መደቡ በተደፈነ ገንዳ ላይ እንደተቀመጠ ይሆናል። መሙያው ከቀይ አፈር፣ ከአሸዋና በደንብ ከበሰለ ኮምፖስት ይቀላቀል። ተክሉ አሲዳማ አፈር አይወድም፤ ቀይ አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ በልኩ ኖራ ይጨመርበታል። መደቡ የጣሪያ ፍሳሽ በሚወርድበት ቦታ አይሁን፤ ቦዩም ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይከፈት ይታሰብበት፤ የጎረቤት ጠብ ብዙ ጊዜ ከጣሪያ ውኃ ይነሳልና።

ዘመን አቆጣጠሩ ላይ ነው የጽሕፈት ቤቶች ልማድና የተክሉ ጠባይ የሚጋጩት። ዘሩ ለመብቀል ሙቀት ይፈልጋል። አዲስ አበባ የምትሞቀው ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ስለሆነ ዘሩ አንድ ቀን በውኃ ተዘፍዝፎ በየካቲት በፕላስቲክ ከረጢት ወይም በጣሳ መዘራት አለበት። ለመብቀል ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ሰው ተስፋ ቆርጦ ጣሳውን የሚደፋውም በዚህ ጊዜ ነው። ሰኔ ሲመጣ ችግኙ ገና እንደ ክር የቀጠነ ነው። ይህን ክር በሐምሌ ዶፍ ውስጥ መሬት ላይ መትከል ሕፃን ልጅ ጎርፍ እንዲሻገር እንደ ማድረግ ነው። ክረምቱን ከነጣሳው በጣሪያ ጥግ፣ ብርሃን እያገኘ ዝናብ ግን ሳይመታው ይቆይ። ወደ መደቡ የሚወርደው ዝናቡ ሲያበራ፣ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። አፈሩ እርጥበት አለው፤ ፀሐይ አለ፤ ተክሉም ቀጣዩ ክረምት ሳይደርስበት ሥር ለመስደድ ስምንት ወር ያገኛል።

በተክሎቹ መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተው። ሥሩ በጥልቅ ከመቀበር ይልቅ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ባለው ጉድጓድ ተቀምጦ እያደገ ሲሄድ አፈር ቢለብስ ይሻላል። አስፓራገስን ክፉኛ ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ሰርዶ ነው፤ ሥሩ ከአስፓራገሱ ሥር ጋር ከተጠላለፈ በኋላ አንዱን ሳይጎዱ ሌላውን መንቀል አይቻልም። ስለዚህ መደቡ ከመተከሉ በፊት ከሰርዶ መጽዳት አለበት፤ ከተተከለ በኋላም በዶማ ሳይሆን በእጅ ይታረም። በክረምት በገለባ ወይም በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ መሸፈን የሚፈናጠረውን ጭቃ ይከላከላል። ለበጋው የሚያስፈልገውን ውኃ ነዋሪው ከጣሪያ በሮቶ ወይም በበርሜል ቢያጠራቅም ጥሩ ነው፤ በክፍለ ከተማው ዳርቻ ከሚወርዱት ወንዞች ግን ለሚበላ ነገር ውኃ አይቀዳም፤ ምን ይዘው እንደሚወርዱ አፍንጫ ያለው ሁሉ ያውቃል።

ከሁለተኛው ክረምት በኋላ ተክሉ ለማረፍ ይደርሳል። በታኅሣሥና በጥር ውኃ ሲከለከል ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ምግቡን ወደ ሥሩ መልሷል ማለት ነው። ያኔ ግንዱ ከመሬት ይቆረጣል፤ ኮምፖስት ይለብሳል፤ ጥር ሲያልቅ ውኃ ይጀመርለታል። ቡቃያው ከየካቲት ጀምሮ ብቅ ብቅ ይላል። 20 ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ፣ ጫፉ ሳይበተን ይቆረጣል። በመጀመሪያው የምርት ዓመት ሁለትና ሦስት ሳምንት ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት እስከ ስምንት ሳምንት ይቆረጥና ይተዋል፤ ሚያዝያ ካለቀ በኋላ የሚወጣው ሁሉ ለክረምቱ ቅጠል መሆን አለበት። የእናት ግንዱ ዘዴም አለ፤ ለጀማሪ ግን ይህኛው ይቀላል።

ይህ የምርት ወቅት በአብዛኛው ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ቤተሰብ ከሽሮና ከምስር ሌላ የሚጨምረው ነገር በሚፈልግበት፣ የምግብ ቤቶችም የጾም ዝርዝር በሚሰፋበት ሰሞን ማለት ነው። አሠራሩ እንደ ፎሶሊያ ነው፤ ሽንኩርትና ዘይት፣ ጥቂት ነጭ ሽንኩርት፣ ብዙ እሳት ሳይመታው ማውጣት። ፎሶሊያን የለመደ ቤት አስፓራገስን ለመልመድ ሩቅ መንገድ የለበትም።

ስሌቱ ግን በሐቅ መቀመጥ አለበት። አንድ የጎለመሰ ተክል በደህና ከተያዘ በዓመት ከሩብ እስከ ግማሽ ኪሎ ይሰጣል። አራት ሜትር መደብ ላይ አሥር ተክል ይቆማል፤ ስለዚህ ከዚያ መደብ የሚጠበቀው በዓመት ከሁለት ተኩል እስከ አምስት ኪሎ ነው፤ እሱም ከሦስተኛው ዓመት በኋላ። በዚያው አራት ሜትር ላይ የሀበሻ ጎመን የተከለ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ እየቀጠፈ ይበላል። ስለዚህ ለልጆቿ ወጥ የምትጎርሰውን ጎመን የምታወጣ እናት ጎመኗን ነቅላ አስፓራገስ እንድትተክል የሚመክር ባለሙያ ካለ ምክሩ የተሳሳተ ነው። አስፓራገስ ከጎመኑ ጎን ለሚቀር ማዕዘን እንጂ ለጎመኑ ቦታ አይደለም።

ለሽያጭ ከታሰበ ግን ቂርቆስ ከብዙ ስፍራ የተሻለ ዕድል አለው። አስፓራገስ ከተቆረጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ጣፋጭነቱን እያጣ፣ ግንዱ እየጠጠረ የሚሄድ አትክልት ነው። ከሩቅ ሲመጣ ማቀዝቀዣና ፍጥነት ይፈልጋል። በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዙሪያና በካዛንቺስ የተኮለኮሉት ሆቴሎች ወጥ ቤት ግን ከመንደሩ በእግር የሚደረስ ነው። ጠዋት ተቆርጦ እግሩ ውኃ ውስጥ እንደቆመ ለምሳ የሚደርስ ቡቃያ በጥራቱ የሚወዳደረው አይኖርም። ችግሩ መጠኑ ነው፤ አንድ ወጥ ቤት የአንድ ቤት አምስት ኪሎ አያጠግበውም። አንድ ወረዳ ውስጥ ሃያና ሠላሳ መደብ በማኅበር ተደራጅቶ በአንድ ሰው በኩል ሲያቀርብ ብቻ ነው ንግድ የሚሆነው።

እዚህ ላይ ከአፈርም ከዝናብም የሚከብደው ጥያቄ ይመጣል፤ የቦታ ጥያቄ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ያሠራ ከነበረው ተቋም ነው። ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወዲህ በቂርቆስ ብዙ ሰው የኖረው በቀበሌ ቤት ተከራይነት ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች መንደሮች ተዛውረዋል። ግቢ ውስጥ የነበረው ጌሾ፣ ጤና አዳም፣ ኮክ ሁሉ እዚያው ነው የቀረው። ልማቱ ለከተማዋ ያመጣው ለውጥ አንድ ነገር ነው፤ ሦስት ዓመት ጠብቆ የሚበላ ተክል ለመትከል ደግሞ ሦስት ዓመት በዚያው ግቢ መኖርን ማወቅ ሌላ ነገር። የሚቀጥለውን ክረምት የት እንደምታሳልፍ ያላረጋገጠች ቤተሰብ ጎመን ብትመርጥ ሰነፍ አያሰኛትም፤ ሒሳቡን በትክክል ሠርታለች።

ስለዚህ የወረዳ አመራር አስፓራገስን ለሁሉም ቤት በእኩል ከማደል ይልቅ መጀመሪያ የጸና ይዞታ ያላቸውን ግቢዎች ቢመርጥ ይበጃል። ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢዎችና የራሳቸው ካርታ ያላቸው ቤቶች አሉ። ቦታው ያልተረጋገጠለት ሰው መሞከር ከፈለገ ደግሞ ሁለት መንገድ አለው። የ200 ሊትር በርሜል ለሁለት ተቆርጦ፣ ሥሩ በብዙ ቀዳዳ ተበስቶ አንድ ተክል ይይዛል፤ ምርቱ ከመደብ ያንሳል፣ ግን ከባለቤቱ ጋር በጋሪም ቢሆን ይሄዳል። ወይም አንድ ዓመት የሞላው ሥር በበጋ፣ ተክሉ ባረፈበት ሰዓት ተቆፍሮ ወደ አዲሱ ስፍራ ሊሄድ ይችላል። አራት ዓመት የሞላው ግን ሥሩ ሜትር ያህል ተሰራጭቶ ስለሚሆን ሲነቀል ክፉኛ ይጎዳል። በዚህ በኩል የአዲሶቹ መንደሮች ወረዳዎች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ፤ በአቃቂ አቅጣጫ ያለው መሬት ጥቁር አፈር የበዛበት ነውና ከፍ ያለ መደብ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

የሪፖርቱ ጉዳይም መነሳት አለበት። የከተማ ግብርና ሥራ የሚለካው በታደለ ችግኝ ብዛት እስከሆነ ድረስ አስፓራገስ ለማንም ባለሙያ አይመቸውም። በመጀመሪያው ዓመት የሚያስመዘግበው ምርት ዜሮ ነው፤ በሁለተኛውም ዜሮ ነው፤ በሦስተኛው ሲደርስ ባለሙያው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ይሆናል። መለኪያው ሁለት ክረምት አልፎ በሕይወት የተገኘ ተክል ቢሆን ግን ባለሙያው ስለ መደቡ ቁመት፣ ስለ ቦዩና ስለ ሰርዶው ይጨነቃል። አንድ ወረዳ አምስት መቶ ችግኝ አድሎ አምስቱ ከሚተርፉለት፣ ስድሳ ተክሎ አምሳው ቢተርፉለት ይሻለዋል። የየግቢው መዝገብ በባለሙያው ስም ሳይሆን በጽሕፈት ቤቱ እንዲቀመጥ ማድረግም ቀላል ነገር ነው፤ ተተኪው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

በከተማዋ ዳርቻ ያሉ አርሶ አደሮች ሰፋ ባለ መሬት መሞከር ቢፈልጉ ለገበያ የታወቁ ዝርያዎች አሉ። ሜሪ ዋሽንግተን ዘሩን ከራሱ መልሶ ማግኘት የሚቻልበት አሮጌ ዝርያ ነው፤ ዩሲ 157 የሚባለው ድቃይ ደግሞ ሞቃት ስፍራ ስለሚስማማው በፔሩ በስፋት ይተከላል። ተክሉ ወንድና ሴት አለው። ሴቷ ቀይ ፍሬ ታፈራለች፤ ፍሬው ለሰው አይበላም፣ ልጆች ባሉበት ግቢ ሳይበስል ቢለቀም ጥሩ ነው። ምርት የሚበልጠው ወንዱ ነው፤ ዘር ለማግኘት ግን ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ዘሩ ከውጭ ሲገባ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የኳራንቲን ሥርዓት ስለሚመለከተው ጊዜ ይወስዳል። በየካቲት አፈር እንዲነካ ግዢው ቢዘገይ በኅዳር መጀመር አለበት። የበጀት ዓመቱ የሚከፈተው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ ጽሕፈት ቤቶቹ በዚያ ወር ለአስፓራገስ ማድረግ ያለባቸው ችግኝ ማደል ሳይሆን የዘሩን ገንዘብ መመደብና መደብ የሚሠራባቸውን ግቢዎች በዝናቡ መሐል ዞሮ ማየት ነው፤ ውኃ የት እንደሚተኛ በደንብ የሚታየው ያኔ ነውና።